ነርስነት ድሮና ዘንድሮ

እኔ ነርስነት ስጀምር ዋርድ (ሕመምተኞች ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል) ውስጥ ሰው የሚመደበው በሥራ ዓይነት ነበር። አንዷ የሁሉንም ሙቀትና የደም ግፊት ትለካለች። አንዱ መርፌ ይወጋል። ሌላዋ ቁስል ታጥባለች። አልጋ የሚያነጥፍም ለብቻው አለ። እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ ከዋርዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ለኃላፊዋም ለቁጥጥር ይመቻታል። ሕመምተኛው ግን በአንድ ፈረቃ የብዙ ሰው እጅ ይነካዋል እንጂ «ይህ ሰው የእኔ ነው» የሚል አንድ ነርስ የለውም። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ ሽንቱ እንደቀነሰበት ለማን ይንገር? ግፊት ለምትለካው? እሷ የመጣችው ለግፊቱ ነው።

ይሄ አሠራር የአንድ ሆስፒታል ወይም የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። በ1960 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን በሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ያካሄደችውን ጥናት አሳተመች። ነርሶቹ ሕመምተኛውን በስሙ አይጠሩትም። «አልጋ 10 ያለው ጉበት» ይሉታል። ሜንዚስ እንደምትለው ሥራው እንዲህ ተቆራርጦ የሚከፋፈለው ለፍጥነት ብቻ አይደለም። ነርሷ ከአንድ ሰው ስቃይና ሞት ጋር ፊት ለፊት እንዳትጋፈጥም ይጋርዳታል። ጭንቀቱ ግን አይጠፋም። ከተማሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ሥልጠናውን ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር።

ይህን ጥናት ያነበብኩት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። እኛም «አፔንዲክሷ ተመገበች?» «ስኳሩ ግሉኮሱ አልቋል» እያልን ነበር የምናወራው። ክፋት የለበትም፣ ሁሉም የሚለው ነው። ግን እንዲህ ስትናገር የከረመች ነርስ ቀስ በቀስ የምታየው አፔንዲክሱን ብቻ ይሆናል።

ዛሬ ብዙ ቦታ ነርስ የምትመደበው በሕመምተኛ ነው። እነዚህ ሰዎች የእኔ ናቸው፤ ግፊታቸውም፣ መድኃኒታቸውም፣ ቁስላቸውም፣ ፍርሃታቸውም። በእኔ እምነት በሙያችን ከመጡት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። «ሥራው አለቀ ወይ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። አሁን «ይህ ሰው እንዴት ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ይጠበቅብናል። ይህን የምጽፈው ነርስነት ለምትማሩ፣ ሥራ ለጀመራችሁና ተማሪ ለምታሠለጥኑ ነው። አዲሱ አካሄድ ከየት እንደመጣ ካወቃችሁት፣ ዋርዱ ተጨናንቆ ወደ ድሮው ሊመልሳችሁ ሲጎትታችሁ ቶሎ ይገባችኋል።

ሥልጠናው ራሱ የመጣው ከዋርድ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ለንደን በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን ስትከፍት ተማሪዎቹ እዚያው እየኖሩ፣ እዚያው እየሠሩ ይማሩ ነበር። ይህ ዓይነቱ አካሄድ በብዙ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ተማሪ ማለት ተማሪም የሰው ኃይልም ነው። ዋርዱ ሰው ካነሰው ትምህርቱ ይቀራል። እንግሊዝ አገር አዲስ የሚገቡ ነርሶች በሙሉ በዲግሪ እንዲሠለጥኑ ግዴታ የሆነው በ2013 ነው፤ ሩቅ ጊዜ አይደለም።

እኛ የተማርነው በቅደም ተከተል ነበር። የልምምድ ክፍል ውስጥ አልጋው ይነጠፋል፣ የአንሶላው ጠርዝ በትክክለኛው ማዕዘን ይታጠፋል፣ መምህሯ በጣቷ ትፈትሸዋለች። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ አፍ ማጽዳት፣ ቁስል መሸፈን ሁሉም ደረጃ በደረጃ በቃል ይጠናል። አንድ ደረጃ ከዘለልሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ግን እንደ ድፍረት ይታይ ነበር። «እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚለው በቂ መልስ ነው።

ያ ሥልጠና የሰጠንን ነገር ግን አልክድም። እጅ ሰጥቶናል። ወደ አልጋ ስንጠጋ ቆዳው እርጥብ ነው ደረቅ፣ ትንፋሹ በአፍ ነው በአፍንጫ፣ እግሩን ለምን ሰበሰበ፣ እነዚህን ሳናስበው እናያለን። የአሁኖቹ ተማሪዎች በእውቀት ይበልጡናል። የደም ምርመራ ውጤት ያነባሉ፣ የመድኃኒቱን አሠራር ያውቃሉ፣ ጥናት ፈልገው ያመጣሉ። ዋርድ የሚውሉበት ሰዓት ግን ቀንሷል፣ ብዙውን ነገር የሚለማመዱት በማኒኪን (በሰው አምሳያ አሻንጉሊት) ነው። ማኒኪንን አልንቅም። በ2014 አሜሪካ ውስጥ በብዙ የነርስ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በደንብ ከተዘጋጀና የሠለጠነ መምህር ካለው የተግባር ልምምዱን እስከ ግማሽ ድረስ በማኒኪንና በመሰል ልምምድ መተካት እንደሚቻል፣ በተማሪዎቹ ብቃትም ላይ ልዩነት እንዳልታየ አሳይቷል። ልብ ማሸትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ከመሞከር በማኒኪን ደጋግሞ መለማመድ የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው።

ማኒኪን ግን አያፍርም። ስትገላልጡት ፊቱን አያዞርም። «ተዪኝ፣ አልታጠብም» ብሎ አይቆጣም። ስለዚህ ተማሪ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምሰጠው ሥራ አንድ ሰው ማጠብ ነው። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል፤ ዲግሪ ይዘን ለማጠብ ነው ወይ የመጣነው የሚል ስሜት አለ። ስንጨርስ ግን ምን እንዳዩ እጠይቃለሁ። ከታፋው በላይ ያለው ቆዳ ጠቁሯል፣ ክንዱን ሲያነሳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ግራ እጁ ሳሙናውን መያዝ አቅቶታል፣ ሆዱን ስነካው ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ሁሉ አንድ ቅጽ ሞልታችሁ አታገኙትም። ገላ ማጠብ ነርስ ከምታደርጋቸው ምርመራዎች ሁሉ ረጅሙና ጥልቁ ነው። ለሌላ ሰው ብቻ የተተወበት ቦታ ብዙ ነገር ያመልጣል።

ስለ ቆዳ ካነሳን የአልጋ ቁስልን ላንሳ፣ ምክንያቱም የድሮውና የአሁኑ ልዩነት እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ድሮ የጀርባ እንክብካቤ ማለት በስፒሪት ማሸት፣ ከዚያ ፓውደር መነስነስ ነበር። የቀላውን ቦታ ደም እንዲዘዋወር ብለን ጠበቅ አድርገን እናሸው ነበር። ዛሬ አጥንት ያለበት ቦታ ከቀላ አይታሽም። ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀድሞ ተጎድቷል፤ ማሸቱ ይብስበታል። አልኮሉም ቆዳውን ያደርቀዋል። አሁን የምንሠራው ሰውየውን ማገላበጥ፣ ተረከዙን ከፍራሹ ማንሳት፣ ቆዳውን ከሽንትና ከላብ መጠበቅና አመጋገቡን መከታተል ነው። በ1987 የወጣው የብሬደን መለኪያ ስድስት ነገሮችን አይቶ ከ6 እስከ 23 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ችግሩ ነጥቡን ሞልቶ ሰውየውን ሳያገላብጡ መሄድ ሲጀመር ነው።

እዚህ ላይ ለአዲስ ነርስ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መጽሐፉ «የቀላ፣ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ» ይላል። ይህ የተጻፈው ቀላ ያለ ቆዳ ታስቦ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አትመልከቱ ብቻ፣ ዳስሱ። ከአካባቢው ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል ወይስ ለስልሷል? ከጎኑ ካለው ቆዳ ይጠቁራል ወይስ ወደ ወይን ጠጅ መልክ ይሄዳል? ሲነካ ያመዋል? የጣት ኦክስጅን መለኪያውም እንዲሁ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በሰፊው አስታውቆታል። መለኪያው 93 ቢልም ሰውየው ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ፣ ሰውየውን እመኑ።

ሰውን ማመን የሚለው ነገር ሕመም ላይ ሲደርስ ከባድ ሆኖብን ኖሯል። እኛ ስንማር የነበረው አስተሳሰብ ግልጽ ነው፦ የተኛ ሰው አያመውም፤ የሚስቅ ሰው አያመውም፤ ማስታገሻ ቶሎ ቶሎ የሚጠይቅ ሱስ ይዞታል። ማርጎ ማካፈሪ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1968 ይህን ሁሉ የሚገለብጥ ነገር ጻፈች። ሕመም ማለት ያመመው ሰው «ነው» የሚለው ነው፤ አለ ባለ ጊዜም አለ። ቀላል ይመስላል። ዋርድ ውስጥ እስኪገባ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ሆዷን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ጠያቂዎች ሲመጡ ቀና ብላ ትስቃለች፣ ትጫወታለች። የፈረቃዋ ነርስ «ደህና ናት፣ ማስታገሻ አያስፈልጋትም» ብላ አስረከበችኝ። ጠያቂዎቹ እንደወጡ ሄጄ፣ «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል ሕመምሽ?» አልኳት። «ሁለት» አለችኝ። «እስኪ አንድ ጊዜ ለማሳል ሞክሪ» አልኳት። ሞከረች፣ ግማሽ ላይ ቆመች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «አሁንስ?» «ዘጠኝ ነው ሲስተር። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ያላሳልኩት።»

ይህን ለሁሉም አዲስ ነርስ እነግራለሁ። ጋደም ብሎ ያለውን ሕመም ብቻ አትጠይቁ። ሲያስል፣ ሲገለበጥ፣ ሲነሳስ? ያመመው ሰው በረጅሙ አይተነፍስም። በረጅሙ ካልተነፈሰ ሳንባው ውስጥ አክታ ይጠራቀማል። ካልተንቀሳቀሰ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል። ድሮ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለቀናት አልጋ ላይ ማስተኛት እንክብካቤ ይመስለን ነበር። አሁን የሚቻል ከሆነ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ እናስነሳለን። ሕመሙ ካልታገሰ ግን «ተነሱ» ማለት ጭካኔ ነው።

በሌላ በኩል ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍም ሄዶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ ሕመም ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከትንፋሽና ከግፊት ቀጥሎ «አምስተኛው መለኪያ» ተባለ። ቁጥሩን ዝቅ ለማድረግ ሲባል ኃይለኛ ማስታገሻ በብዛት ተሰጠ። ለጠንካራ ማስታገሻ ሱስ ቀውስ አስተዋጽኦ አድርጓል ተብሎ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ይህ አሠራር እንዲቀር መከረ። እኔ ከዚህ የምወስደው ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን ማከም እንዳለብን ነው። ማስታገሻ ስትሰጡ ተመልሳችሁ እዩ። ሞርፊንና የመሳሰሉትን ከሰጣችሁ ደግሞ ትንፋሹን ብቻ አትቁጠሩ፣ ንቃቱን እዩ። ከመጠን ያለፈ ማንቀላፋት ትንፋሹ ከመውረዱ በፊት ይመጣል። እያወራችሁት ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የሚያንቀላፋ ሰው አደጋ ላይ ነው።

ከሐኪሞች ጋር ያለን ግንኙነትም እንዲሁ ተለውጧል። ድሮ ራውንድ (ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት) ሲኖር ነርስ ካርድ ተሸክማ ከኋላ ትቆማለች። ከተጠየቀች ትመልሳለች። ሌሊቱን ሙሉ ከሕመምተኛው ጋር የነበረችው እሷ ሆና ሳለ ዝም ትላለች። ስትደውልም በዙሪያው ትዞራለች። «ዶክተር፣ አልጋ ስምንት ትንሽ ደህና አይመስልም።» «ምን ሆነ?» «እኔ እንጃ…» ሐኪሙ ከዚህ ምን ይረዳል?

በ1999 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ትልቅ ሪፖርት፣ በሕክምና ስህተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው ሆስፒታል ውስጥ እንደሚሞት ገመተ። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ከመጥፎ ሰው ሳይሆን ከመጥፎ አሠራር እንደሆነ አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ነው መናገር የሥልጠና አካል የሆነው። አሁን የምናስተምረው አራት ነገር ነው፦ አሁን ምን ተፈጠረ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ። እንዲህ ይሆናል፦

«ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው የምደውለው፣ ስለ አልጋ ስምንቱ ሕመምተኛ። የልብ ምታቸው 128 ደርሷል፣ ግፊታቸው ወደ 90 በ50 ወርዷል። ትናንት አንጀታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ጠዋት ምታቸው 84፣ ግፊታቸው 120 በ70 ነበር። እየደሙ ነው ብዬ እሰጋለሁ። አሁኑኑ መጥተው ቢያዩልኝ። እስከዚያ ሁለተኛ የደም ሥር መስመር ላስገባና የደም ናሙና ልውሰድ?»

«እሰጋለሁ» የምትለዋ ላይ ብዙ አዳዲስ ነርሶች ይፈራሉ። ምርመራ መስጠት የሐኪም ነው፣ እኔ ምን ብዬ ይላሉ። ስጋትን መናገር ምርመራ መስጠት አይደለም። ከመደወላችሁ በፊት ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ካርዱን ክፈቱ፣ ከዚያ ደውሉ። ሐኪሙ ከተቆጣም ይቆጣ። በደንብ ተዘጋጅታ የደወለች ነርስን ደጋግሞ የሚቆጣ ሐኪም ብዙ አላየሁም።

የልጆች ዋርድ ታሪክ ደግሞ አሁን ሲታሰብ ያማል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን የሚጠይቀው በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ነበር። ምክንያቱ ኢንፌክሽን ይባል ነበር፤ ደግሞም «እናቱ ስትሄድ ያለቅሳል፣ ባትመጣ ይሻላል»። ልጁ ካለቀሰ በኋላ ዝም ሲል «ለመደ» ይሉ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ባለሙያ ያ ዝምታ መልመድ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ አሳየ። በ1959 ብሪታንያ የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች እንደልብ እንዲጠይቁ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር እናቶች እንዲያድሩ መከረ። ዛሬ እናት ከልጇ ጋር ናት። ነገር ግን አስታማሚን እንደ ጣልቃ ገብ የማየት ልማድ በአዋቂዎች ዋርድ አሁንም አለ። አስታማሚ ያን ሰው ለዓመታት ያውቀዋል። «ዛሬ አነጋገሩ ልክ አይደለም» ካለችኝ፣ እኔ ለውጥ ባላይም እንኳ ሄጄ ደግሜ እመረምራለሁ።

እውነት ስለ መናገር ደግሞ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ባነበብኳቸው ቁጥር ይደንቁኛል። በ1961 በአሜሪካ ከተጠየቁ ሐኪሞች 90 ከመቶ ያህሉ ካንሰር እንዳለበት ለሕመምተኛው አለመናገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 በተመሳሳይ ጥያቄ 97 ከመቶው መናገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። ለነርስ ይህ ምን ማለት ነው? ድሮ «ምንም አይደለም፣ ይድናሉ» ብሎ ማለፍ ደግነት ነበር። አሁን ሰውየው «ሲስተር፣ ልሞት ነው እንዴ?» ሲል ወዴት እንሸሻለን? እኔ ቁጭ እላለሁ። «ሐኪሞቹ እስካሁን ምን ነገሩዎት?» እላለሁ። ከዚያ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ቢኖር ይሻላል?» እላለሁ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ማወቅ አይፈልግም፤ መብቱ ነው። ውጤቱን የማስረዳቱ ሥራ የሐኪሙ ነው። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለሐኪሙ አይደለም። የሚመጣው ሌሊት ላይ፣ ለነርስ ነው። የተጠየቅሁትን ለሐኪሙ አስተላልፋለሁ፣ ሲነገራቸውም ከጎናቸው እሆናለሁ።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ምክርም ተለውጧል። ድሮ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ካልወሰደ «አይታዘዝም» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በሀብታም አገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ ሕመም የታዘዘላቸውን በትክክል የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ግማሹ ዓለም እምቢተኛ ሊሆን አይችልም። እኛ ጋ የጎደለ ነገር አለ።

አንድ አባት የስኳር መርፌ ጀምረው ሊወጡ ነበር። ሁሉም ተነግሯቸዋል፣ ወረቀትም ተሰጥቷቸዋል። ከእኔ ጋር የነበረችው ተማሪ «አባባ፣ ገብቶዎታል አይደል?» አለቻቸው። «አዎ ልጄ፣ ገብቶኛል» አሏት። እንዲህ ሲጠየቅ አልገባኝም የሚል ሰው የለም። እኔ ደግሞ፣ «አባባ፣ እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ላረጋግጥ። ቤት ሲገቡ ልጅዎት ብትጠይቅዎት እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» አልኳቸው። «ጠዋትና ማታ እወጋለሁ። ባልበላም እወጋለሁ፤ መድኃኒት አይቋረጥም ብላችሁኛል።» የታዘዘላቸው ከምግብ ጋር የሚሄድ ድብልቅ ኢንሱሊን ነው። ሳይበሉ ቢወጉት ስኳሩ ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። እንደገና ተቀመጥን። ላብ ሲያሰምጣቸው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ቶሎ ጣፋጭ ነገር መውሰድ እንዳለባቸው፣ መብላት ያልቻሉ ቀን ደግሞ በግምት ከማቋረጥ ወይም ከመውጋት ይልቅ ለማን እንደሚደውሉ ተነጋገርን። መልሰው በራሳቸው ቃል እስኪነግሩኝ አልተነሳሁም። ጥያቄው ፈተና እንዳይመስላቸው «እኔ አስረድቼ እንደሆነ» ማለቱ ይጠቅማል።

መሣሪያው ስለጨመረ ደግሞ የጠፋም ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ገብቷል፣ ጥሩ ነው፤ የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ሳይነበብ የሚሰጥ መድኃኒት ቀንሷል። ግን ጀርባዋን ለሕመምተኛ ሰጥታ ወደ ስክሪን እያየች «ተጸዳድተዋል? ያሳክክዎታል? ወድቀው ያውቃሉ?» የምትል ነርስ በዝታለች። ጊዜ የለንም፣ አውቃለሁ። እኔ የማደርገው ትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰውየው ጋ እሄዳለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ ቦታ ካለ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ ነው መዝገቡን የምከፍተው። ቁጭ ያለ ባለሙያ ከቆመው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አብሮ የቆየ እንደሚመስል በጥናት ታይቷል። ሰዓቱ ሳይጨምር ማለት ነው።

አሠልጣኞች ለሆናችሁ ስለ ቁጣ ልናገር። እኛ ያደግነው በቁጣ ነው፤ በሕመምተኛ ፊት፣ በሐኪም ፊት። ብዙዎቻችን «ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው» እንላለን። እኔ አላምንበትም። የተሰደበች ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ያልገባትን አትጠይቅም፣ የተሳሳተችውን ትደብቃለች። የተደበቀ ስህተት ደግሞ ሕመምተኛው ላይ ይወጣል። ፓትሪሺያ ቤነር የተባለች የነርስ መምህርት በ1980ዎቹ ነርስ ከጀማሪ እስከ ሊቅ በአምስት ደረጃ እንደምታልፍ አስተምራለች። ጀማሪዋ በሕግ ነው የምትሄደው። ልምድ ያላት አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጋ አጠቃላይ ሁኔታውን ትረዳለች። ስለዚህ «ይሄ እንዴት አይታይሽም?» ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም፤ አይታያትም። ያያችሁትን ጮክ ብላችሁ አስቡላት። «ከንፈሩን አየሽው? ደርቋል። አሁን የሽንት ከረጢቱን እይ። ምን ያህል ነው? ምን ይመስልሻል?» እንዲህ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ቶሎ ሲበስሉ አይቻለሁ።

የሕመምተኛው ብዛት ካልተነሳ ግን የተናገርኩት ሁሉ ጎዶሎ ነው። በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው የሊንዳ ኤይከንና የባልደረቦቿ ጥናት በ9 የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420,000 በላይ ሰዎች ተመልክቷል። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 ከመቶ ይጨምራል። ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 ከመቶ ሲያድግ ደግሞ በ7 ከመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ አመለካከታችሁን አሻሽሉ እያሉ ነርሷን ብቻ መምከር አይሆንም። አንዲት ነርስ ላይ ዋርድ ሙሉ ሕመምተኛ ጭኖ «ለምን ፈገግ አትይም» ማለት ግፍ ነው። ኃላፊ የሆናችሁ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ተከራከሩ።

እስከዚያው ግን ፈረቃው ይመጣል፣ ሰውም ያንሳል። እንዲህ ባለው ቀን የማልተወው ርክክቡን ነው። በቢሮ ሳይሆን አልጋ ዳር፣ ከምታስረክበኝ ነርስ ጋር ሆነን። ግሉኮሱ በትክክለኛው ፍጥነት እየወረደ ነው? መርፌው የገባበት ቦታ አብጧል? ቁስሉ የተሸፈነበት ፋሻ ረጥቧል? ጀርባውን አብረን እናየዋለን። ሚስጥር የሆነውን ነገር ሌላ ሰው በሚሰማበት አናወራም፤ እሱን ውጭ እንጨርሳለን። በመጨረሻ ሕመምተኛውን «የረሳነው ነገር አለ?» ብለን እንጠይቃለን። «ፔኒሲሊን እንደማይስማማኝ አልተናገራችሁም እኮ» ያለን ሰው አለ። ካርዱ ላይ አልነበረም። ወዲያው ጻፍነው፣ ለሐኪሙም ደወልን።